የምንወጣበት ቀን አንድ ይሁን፦ ለሕንፃችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕንፃችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ወር በወር የተከራየ ሰው ቤት ሲለቅ የሚጠየቀውን ኪራይ ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሕንፃው ውስጥ ወር በወር የምንከራየውን ሰዎች ወክዬ ነው። ባለፈው ወር መጨረሻ ሊፍቱ አጠገብ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። አራት መስመር ነው። ቤት የሚለቅ ተከራይ ማስታወቂያ የሚያስገባው ወር በገባ በ1ኛው ቀን ብቻ ነው ይላል። በሌላ ቀን የገባ ማስታወቂያ ከሚቀጥለው ወር 1ኛ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ከመውጫው አንድ ቀን ያሳለፈ የወሩን ሙሉ ኪራይ ይከፍላል። ቁልፉ "በአግባቡ" እስኪረከብ ድረስም ኪራዩ ይቀጥላል። ወረቀቱ ፊርማ የለውም። ማኅተም ግን አለው፣ ያውም ሁለት።

የፈረምነው ውል ስለ ወሩ 1ኛ ቀን አንዲት ቃል አይናገርም። "ተከራዩ ቤቱን ሲለቅ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል" ብሎ ያልፋል። በቃ።

ሦስት ሆነን ቢሮ ድረስ መጥተን ነበር። የተሰጠን መልስ አጭር ነው፦ "ይሄ የትም አገር ያለ አሠራር ነው።" መልሱ ከነከነኝ። እንግዲያው የትም አገር ያለው ምንድን ነው ብዬ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን በየቦታው እጠቅሳለሁ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የአራተኛ ፎቅ ተከራይ ነኝ።

ቅሬታችንን ከመዘርዘሬ በፊት የማንከራከርበትን ልናገር። ወር በወር የተከራየ ሰው ዛሬ ሻንጣውን አንስቶ ነገ "ኪራይ የለብኝም" ማለት አይችልም። የ30 ቀኑ ማስታወቂያ የተቀመጠው አከራዩ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነው። ቀኑ እስኪሞላ ድረስ ተከራዩ ቤቱ ውስጥ አደረም አላደረም ኪራዩ የእሱ ዕዳ ነው። ማስታወቂያ ሳይሰጡ ሌሊት ዕቃ ጭነው የሄዱ ጎረቤቶች እንደነበሩን እናውቃለን። አንዱማ የእኔንም መሰላል ይዞብኝ ሄዷል። ለእነሱ ጥብቅና አልቆምንም። ይህ ደብዳቤ በሥርዓት አሳውቀው፣ ከፍለው፣ ቤቱን ጠርገው ስለወጡት ነው።

አንደኛው ቅሬታችን የማስታወቂያው ቀን ነው። ወረቀቱ አሁን ይለጠፍ እንጂ አሠራሩ ከጀመረ ሰንብቷል። ሦስተኛ ፎቅ ትኖር የነበረች ነርስ ሌላ ቦታ ሥራ አገኘች። ወር በገባ በ4ኛው ቀን፣ ከሌሊት ተረኛነት ወጥታ ገና ሳትተኛ፣ ማስታወቂያዋን በእጅ ጽፋ አስረከበች። ቅጂው ላይ "ተቀብያለሁ" የሚል ፊርማ አለ። በውሉ ከሄድን ጊዜዋ የሚያበቃው በሚቀጥለው ወር 4ኛ ቀን ነው። እናንተ ግን 1ኛው ቀን አመለጣት ብላችሁ ከሚቀጥለው ወር መባቻ ጀምራችሁ ቆጠራችሁ። ሁለቱም ወሮች ባለ 30 ቀን ናቸው ብንል የ30 ቀን ማስታወቂያዋ 56 ቀን ሆነ ማለት ነው። ሦስት ቀን ዘገየሽ ተብላ የ26 ቀን ኪራይ ተጨመረባት።

ማስታወቂያን ከወር ጋር የሚያስሩ አገሮች የሉም አልልም። አሉ። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ወር በወር የሚከራይ ሰው ከ60 ቀን በፊት ያሳውቃል፤ መውጫውም የኪራይ ወሩ የመጨረሻ ቀን መሆን አለበት። ጀርመን ደግሞ ማስታወቂያው ወር በገባ እስከ 3ኛው የሥራ ቀን ከደረሰ ያ ወር ይቆጠራል። ውሉ የሚያበቃው ያንን ወር ጨምሮ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ነው። ረጅም ነው። ግን እዚያ እንኳ የሚቆጠረው የሥራ ቀን ነው። ወሩ እሑድ ቢገባ ኖሮ የእኛ ነርስ በ4ኛው ቀን በደረሰች ነበር።

ካሊፎርኒያ ግን ሌላ ነው። ተከራዩ በፈለገው ቀን የ30 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል። 30ኛው ቀን ወሩ መሃል ላይ ቢውል የኖረበት ቀን ተቆጥሮ ይከፍላል። እዚያው ካሊፎርኒያ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ተከራይ የሚያስወጣ አከራይ 60 ቀን መስጠት አለበት። በጀርመንም ተከራዩ 5 ዓመት ከሞላው ከአከራዩ የሚጠበቀው ማስታወቂያ በ3 ወር ይረዝማል፤ 8 ዓመት ሲሞላው ሌላ 3 ወር ይጨመርበታል። የተከራዩ ግን እዚያው 3 ወር ላይ ይቆማል። ስለዚህ "የትም አገር ያለ" የሚባል አንድ አሠራር የለም። ባነበብኳቸው ቦታዎች ሁሉ ያየሁት ግን ደንቡ አስቀድሞ በሕግ ወይም በውል የተጻፈ መሆኑን ነው። ተከራዩ እያወቀው ይገባበታል። ከእኛ የ30 ቀን ማስታወቂያ የሚጠይቅ ቢሮ ይህን ደንብ ሲያመጣ የአንድ ሌሊት ማስታወቂያ እንኳ አልሰጠንም።

በጽሑፍ ስለሚለውም አንድ ነገር አለ። አንድ ጎረቤታችን ከከተማ ውጭ ሆኖ ማስታወቂያውን በቴሌግራም ላከ። "ወረቀት ካልሆነ አንቀበልም" ተባለ። ወረቀቱን ይዞ እስኪመጣ 1ኛው ቀን አለፈ። ኪራይ ሁለት ቀን ሲዘገይብን ግን የምታስታውሱን በዚያው ቴሌግራም ነው። ለእናንተ ጽሑፍ የሆነ ለእኛም ጽሑፍ ይሁን።

ሁለተኛው ከሁሉም በላይ ያንገበገበን ነው። ነርሷ ዕቃዋን ያወጣችው በሚቀጥለው ወር 3ኛ ቀን ነው። በ15ኛው ቀን የተረሳ ፖስታ ልትወስድ መጣች። የድሮ በሯ ላይ ሁለት ጥንድ የሕፃን ጫማ ተደርድሯል። በሩ ተከፍቶ ስለነበር መስኮቱ ይታያል። ዘንጉ እሷ ያሰቀለችው ነው፤ የተንጠለጠለው መጋረጃ ግን የሌላ ሰው ነው። አዲሶቹ ተከራዮች በ12ኛው ቀን ገብተው ከ12ኛው ቀን ጀምረው ከፍለዋል። እሷም እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ኪራይ ከማስያዣዋ ላይ ተቆረጠ። ለ19 ቀን አንድ ቤት ሁለት ኪራይ በላ።

የፈረንሳይ የቤት ኪራይ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው፣ ይህንኑ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል። ለቅቃለሁ ያለው ተከራዩ ከሆነ የማስታወቂያውን ጊዜ ኪራይ በሙሉ ይከፍላል፤ ጊዜው ሳያልቅ በአከራዩ ፈቃድ ሌላ ተከራይ ከገባ ግን ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ተከራዩ ጊዜው ሳይደርስ ቢወጣ እንኳ አከራዩ ሌላ ሰው ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት። ቤቱን ቆልፎ ኪራይ ሲቆጥር መቀመጥ አይችልም። ቤቱን ቶሎ ማከራየታችሁን አልጠላንም። መብታችሁ ነው። አዲሱ ሰው የገባ ዕለት ግን የወጣው ሰው ዕዳ መቆም አለበት።

ሦስተኛው የቁልፍ ነገር ነው። ሁለተኛ ፎቅ የነበሩት ጡረተኛ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ለቀቁ። ማስታወቂያቸው በጊዜው ገብቷል። በመውጫቸው ቀን ቁልፉን ይዘው ቢሮ ሲመጡ ቁልፍ የሚረከበው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነው ተባሉ። "ለዘበኛው ይስጡትና ይሂዱ" አላቸው እዚያ የነበረ ሰው። ሰጡት። እኔም ቆሜ ነበር። ሁለት ቁልፍ ነው፣ በቀይ ክር የታሰረ። ዘበኛው እጀታው የተሰበረ ስኒ ውስጥ ከቶ መስኮቱ ላይ አኖረው። ለ11 ቀን እዚያው ስኒ ውስጥ ነበር። ስገባም ስወጣም አየዋለሁ። ሠራተኛው ከፈቃድ ሲመለስ ቁልፉ "በአግባቡ" ተረከበ። ጋሼም የ11 ቀን ኪራይ ተጠየቁ።

ቁልፍ ማስረከብ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አይጠፋንም። ቁልፉን ኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ቤቱን ለቅቄያለሁ ሊል አይችልም። ነገር ግን ተከራይ ማድረግ የሚችለው ቁልፉን በቀኑ ማምጣት ነው። ተረካቢ መጥፋቱ የቢሮው ጣጣ ነው። ስደውልላቸው ጋሼ "ተወው ልጄ፣ ከእነሱ ጋር የምጨቃጨቅበት ዕድሜ የለኝም" አሉኝ። እሳቸው ተዉት። እኛ አልተውነውም።

አራተኛው፣ አንድ ቀን ያሳለፈ ወር ይከፍላል የሚለው ነው። አምስተኛ ፎቅ የነበረች የሁለት ልጆች እናት የቀጠረችው የጭነት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። ዕቃው ሁሉ ታስሯል። ፍራሽ ብቻ ፈትተው መሬት ላይ አነጠፉና አንድ ሌሊት አደሩ። በነጋታው ጠዋት ወጡ። ለዚያች ሌሊት የተጠየቀችው የአንድ ወር ኪራይ ነው።

ቀን አሳልፎ መቀመጥ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። አዲሱ ተከራይ ዕቃውን ጭኖ ደጅ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሳነብ ካገኘኋቸው ሁሉ ጨካኙ ሕግ የእንግሊዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1737 የወጣ። ለቅቃለሁ ብሎ ማስታወቂያ ሰጥቶ በቀኑ ያልወጣ ተከራይ እጥፍ ኪራይ ይክፈል ይላል። እዚያም ቢሆን እጥፉ የሚቆጠረው ቤቱ ውስጥ ለቆየበት ጊዜ ብቻ ነው። ለአንድ ሌሊት የሁለት ሌሊት ማለት ነው። የእናንተ የ30 ሌሊት ሆነ። ከ1737ቱ እንግሊዞች 15 እጥፍ በረታችሁብን።

የቀን ሒሳቡም አልገባንም። ወር መሃል ላይ የሚወጣ ሰው ኪራዩ በቀን ተካፍሎ ይሰላል። ደረሰኞቻችንን ሰብስበን አንድ ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው። እኛ የምንከፍል ሲሆን ወሩ ለ28 ተካፍሏል። እናንተ የምትመልሱ ሲሆን ለ31። ለ28 ሲካፈል የ14 ቀን ኪራይ የወሩን ግማሽ ይሆናል። ለ30 ቢካፈል ግማሽ የሚሞላው በ15ኛው ቀን ነው። ያቺ አንድ ቀን ወዴት ሄደች? ለ30 ይካፈል፣ በወሩ ትክክለኛ ቀን ይካፈል፣ ወይም የ12 ወሩ ኪራይ ተደምሮ ለ365 ይካፈል። ሁሉም ያስኬዳል። የማያስኬደው ወሩ እንደ ተከፋዩ ማንነት ሲያጥርና ሲረዝም ነው።

አሁን ወደ ማስያዣው ልምጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሁለታችንም ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንደኛ ፎቅ የነበረ ወጣት አናጢ ሊለቅ ሲል የመጨረሻውን ወር ኪራይ አልከፈለም። "ማስያዣዬ አለ አይደል፣ ከዚያ ላይ ያዙት" አለ። ብዙዎቻችን እንደዚያ እናስባለን። ልክ አይደለም። ማስያዣ ለጉዳትና ላልተከፈለ ዕዳ መያዣ ነው። አከራዩ ካልተስማማ በስተቀር ተከራዩ በራሱ ሥልጣን ወደ ኪራይ ሊቀይረው አይችልም። ቤቱ ላይ ጉዳት ቢገኝስ መጠገኛው ከየት ይመጣል? ይህን ለልጁም ነግሬዋለሁ። አኮረፈኝ።

እናንተስ? ከማስያዣው ላይ ኪራዩን ወሰዳችሁ። ኪራዩ ዘገየ ብላችሁ ቅጣት ጨመራችሁ። የተረፈውን ደግሞ ለግድግዳ ቀለም አስቀራችሁት። ዝርዝር ሲጠይቅ "ቀለም" የሚል አንድ ቃል ተጽፎ ተሰጠው። ስንት ክፍል፣ ስንት ቆርቆሮ፣ ማን ቀባው፣ የለም። ልጁ እዚያ ቤት 6 ዓመት ኖሯል። በ6 ዓመት ቀለም ይደበዝዛል፣ ማንም ይኑርበት ማን። በመኖር ብቻ ያረጀና በግዴለሽነት የተሰበረ ነገር አንድ አይደሉም። የሚገርመው፣ የዚያን ቤት የወጥ ቤት በር ያስተካከለው እሱ ራሱ ነው፣ በራሱ እንጨት። ለዚያ የቆረጠላችሁ ደረሰኝ የለም።

በካሊፎርኒያ አከራዩ ተከራዩ በወጣ በ21 ቀን ውስጥ ማስያዣውን መመለስ፣ የቆረጠው ካለም ከነዝርዝሩ መስጠት አለበት። ኦንታሪዮማ ለጉዳት ብሎ ማስያዣ መቀበል ጭራሽ አይፈቀድም። የሚፈቀደው የመጨረሻውን ወር ኪራይ አስቀድሞ መቀበል ነው፤ እሱም ለሌላ ነገር አይውልም። አናጢው እዚያ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር። ይህን ያነሳሁት ስሙ ራሱ ግራ ስለሚያጋባን ነው። ደረሰኞቻችን ላይ ይኸው ገንዘብ አንዱ ጋ "ማስያዣ"፣ ሌላው ጋ "ቅድሚያ" ይባላል። የእኔው "ልዩ ልዩ" ይላል።

ቤት ተጋርተው ስለሚኖሩት በአጭሩ፦ ሁለት ሰዎች አንድ ውል ፈርመው አንዱ ሲወጣ የቀረው ምን ይሆናል የሚለው ውላችን ላይ የለም። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1991 ከሁለቱ አንዱ ማስታወቂያ ከሰጠ ውሉ ለሁለቱም ያበቃል ብሎ ወስኗል። ሌላ ቦታ የቀረው ሰው ሙሉውን ኪራይ ይሸከማል። የእናንተ መልስ በየጊዜው ይለያያል። የትኛው እንደሆነ ይጻፍልን።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ አሠራር የሚጎዳው እኛን ብቻ አይደለም። በወሩ በ4ኛው ቀን ማስታወቂያ ያስገባ ሰው 56 ቀን ይከፍላል፣ ማስያዣውም ይሸራረፋል። ሌሊት ዕቃ ጭኖ የሚጠፋው ግን የሚቀርበት ማስያዣው ብቻ ነው። ሒሳቡን ተከራዮች እያሰሉት ነው። በየደረጃው ሲወራ እሰማለሁ። ባለፈው እሑድ አንዱ ጎረቤቴ በቀልድ አስመስሎ "ማን ማስታወቂያ ይሰጣል፣ መኪና ነው እንጂ የሚያስፈልገው" አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። መሰላሌ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህንን ነው። የተለጠፈው ወረቀት ይነሳ። 30ው ቀን ማስታወቂያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ይቆጠር፣ በወረቀትም ይምጣ በስልክ መልእክት። ማስታወቂያ ስናስገባ የመውጫው ቀን ያኔውኑ ቅጂው ላይ ይጻፍልን፤ አንድ ቀን፣ በሁለታችንም ፊርማ። ኪራይ እስከዚያ ቀን እንከፍላለን። ከወሩ ጋር ማሰር ከፈለጋችሁ አዲስ ውል አምጡ። አንብበን ወይ እንፈርማለን፣ ወይ አንፈርምም።

አዲስ ተከራይ ከገባበት ቀን ጀምሮ የለቀቀው ሰው ኪራይ ይቁም። ለነርሷ የ26 ቀኑ ይመለስላት። በማስታወቂያው ቀን ባንስማማ እንኳ በ19ኙ ቀን ላይ ክርክር ሊኖር አይገባም። የጋሼ የ11 ቀን ይመለስ። ቁልፍ በማንኛውም የሥራ ቀን የሚረከብ ሰው ይኑር፤ ቀን ያለበት ደረሰኝም ይስጥ። ከቀኑ ያሳለፈ ሰው ባሳለፈው ቀን ልክ ይክፈል፤ የአምስተኛ ፎቋ እናትም የአንዲቷን ሌሊት ብቻ ተይዞ የቀረው ይሰጣት። ወሩን ለስንት እንደምታካፍሉ አንድ ቁጥር ምረጡ።

ማስያዣ ላይ ደግሞ፣ ስንገባም ስንወጣም ቤቱን አብረን እንየው፣ ፎቶ እናንሳ። የሚቆረጥ ካለ ከነደረሰኙ ይዘርዘር፣ የቀረው ከወጣን በ21 ቀን ውስጥ ይመለስ። የአናጢው ሒሳብ እንደገና ይታይ። ኪራዩን መውሰዳችሁ ተገቢ ነው። ቀለሙ ግን አይደለም። እኛም በበኩላችን የመጨረሻውን ወር ኪራይ ከማስያዣ ላይ ያዙት ማለት እንዲቀር ለተከራዮች ሁሉ እናሳውቃለን። ኮሚቴው በዚህ ተስማምቷል።

መልሳችሁን በጽሑፍ በ30 ቀን ውስጥ እንጠብቃለን። በወሩ 1ኛ ቀን ባይሆንም እንቀበላለን።

ከሰላምታ ጋር

የሕንፃው ተከራዮች ኮሚቴ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሁሉም ተከራዮች (ሊፍቱ አጠገብ የሚለጠፍ)